አሎንሶ ፔትሮቭን ለምን ማለፍ አቃተው? ፎርሙላ ዋን ላይ ደርቦ ማለፍ የሚቻለው መቼ ነው?

ናቲ ሰርኪት (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ቤተሰብ። ከአንድ ወዳጄ ጋር ክርክር ገጥሜ ነው የመጣሁት። እሱ "ነገሩ ሁሉ ሞተር ነው፤ ጉልበት ያለው ያልፋል" ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ደግሞ አልዋጥልህ አለኝ። ሁለት ውድድሮች ላስቀምጥና እናንተ ፍረዱ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

2010፣ አቡ ዳቢ፣ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር። ፈርናንዶ አሎንሶ ነጥብ እየመራ ነው የገባው። ዌበርን በ8፣ ቬትልን በ15 ይበልጣል። አራተኛ ቢወጣ ዋንጫው የሱ ነው። ፌራሪ ግን ዌበርን ልጠብቅ ብሎ በ15ኛው ዙር ጎማ ሊያስቀይረው ጠራው። ሲመለስ የሬኖው ቪታሊ ፔትሮቭ ፊቱ አለ። ፔትሮቭ በመጀመሪያው ዙር ሴፍቲ ካር (አደጋ ሲኖር ሁሉንም አዝግሞ የሚመራው መኪና) ሲወጣ ጎማውን ቀይሮ ጨርሷል፤ ዳግም አይቆምም። አሎንሶ ወደ 40 ዙር ገደማ ከኋላው ዞረ። ሰባተኛ ወጣ። ቬትል በ4 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ።

2021፣ እዚያው አቡ ዳቢ፣ የመጨረሻው ዙር። ቨርስታፐን ከሃሚልተን ኋላ ነው። አምስተኛው ኩርባ ላይ አለፈው። ግማሽ ዙር እንኳ አልፈጀበትም።

አንዱ 40 ዙር አቃተው፣ አንዱ በአምስት ኩርባ ጨረሰ። አሎንሶን ደግሞ መንዳት አይችልም የሚል ሰው የለም መቼም። ልዩነቱ ምንድን ነው?

---

የጎማ ሰው

ጎማ። ቨርስታፐን አዲስ ሶፍት (ለስላሳ፣ ይበልጥ የሚይዝ)፣ ሃሚልተን ያረጀ ሃርድ (ጠንካራ)። አለቀ።

---

ሉዊስ44 ለዘላለም

ልዩነቱ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከመጨረሻው ዙር በፊት የሴፍቲ ካሩ ሕግ በትክክል ቢሠራበት ኖሮ ያ ዙር ራሱ አይኖርም ነበር!!!

---

አስተባባሪ

በዚህ ጉዳይ ሌላ ክር አለ፤ 60 ገጽ ደርሷል። እዚያ ሂዱና ተፋጁ። እዚህ የምናወራው ስለ ማለፍ ነው።

---

ሳሮን ዘ ያስ

ናቲ፣ "እዚያው አቡ ዳቢ" ያልከው ላይ ልያዝህ። ቦታው ያው ነው፣ መንገዱ ግን ያው አይደለም። እዚህ ስለምኖር ከለውጡ በፊትም በኋላም ሄጄ አይቻለሁ።

በድሮው ቅርጽ ከሄርፒኑ (መንገዱ ወደ ኋላ ከሚታጠፍበት ኩርባ) በፊት ጠባብ ቺኬን ነበረች። ግራ ቀኝ ብለህ ነው ሄርፒኑ የምትደርሰው። 2021 ላይ ቺኬኗን አነሱ፣ ሄርፒኑንም አሰፉት። ቨርስታፐን ያለፈው እዚህ ነው። በድሮው ቅርጽ እዚያ ቦታ መሞከር ራሱ ከባድ ነበር።

ሄርፒኑ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ካያችሁ ነገሩ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሁለት መኪና ተከታትሎ ሲመጣ የፊተኛው ጥርት ብሎ ይገባል። ሁለተኛው ግን አፍንጫው ወደ ውጭ ይሸሻል። ሹፌሩ መሪውን ትንሽ ይመልሳል፣ ይጠብቃል። ነዳጅ የሚሰጠው ዘግይቶ ነው፤ ድምፁ ራሱ ይነግራችኋል። የፊተኛው ሲያጓራ ሁለተኛው ገና እየተንተባተበ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቀጥታ መንገድ የቱንም ያህል ቢረዝም ምን ዋጋ አለው?

---

ቤቲ አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ ይህን ስፖርት ማየት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ሲድኒ 2000 ላይ ኃይሌ ከቴርጋት ኋላ ኋላ ሮጦ መጨረሻ ላይ በ0.09 ሰከንድ ቀድሞት ገባ። ከኋላ የሚሮጥ ሰው ከነፋስ ስለሚጠለል ጉልበት ይቆጥባል ይባላል። መኪና ላይስ ከኋላ መሆን ጥቅም አይደለም እንዴ? ለምን ይጎዳል?

---

ኢንጂነር በየነ

ቤቲ፣ ጥያቄሽ የጉዳዩ እምብርት ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ ልክ ነሽ። የፊተኛው አየሩን ይሰነጥቃል፣ ኋለኛው በተከፈተው ቀዳዳ ይገባል፣ የሚገፋው አየር ይቀልለታል። ስሊፕስትሪም የሚሉት ይህን ነው።

ኩርባ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኃይሌ ቴርጋትን ስለተከተለ ጫማው አላንሸራተተውም። መኪናን ያንሸራትተዋል። ለምን ቢባል፣ የፎርሙላ ዋን መኪና መሬት የሚይዘው በጎማው ብቻ አይደለም። ክንፎቹ ከላይ ይጫኑታል፣ ወለሉ ከሥር ወደ መሬት ይስበዋል። ዳውንፎርስ የምንለው ይህ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ይህ ጫና አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፈጣን ኩርባ ላይ መኪናው የሚኖረው በአየር ነው ማለት ይቻላል።

የፊተኛው መኪና ደግሞ አየሩን ተጠቅሞበት ሲያበቃ በትክክል አይመልሰውም። የተሽከረከረ፣ የተበጣጠሰ አየር ነው የሚተፋው። ኋላ ያለው መኪና ክንፍ የሚደርሰው ይህ ትርፍራፊ ነው። በተለይ የፊት ክንፉ ይራባል። ሳሮን ያየችው አፍንጫው ሲሸሽ ማለት ይህ ነው።

ቁጥር ለሚወድ፦ ፎርሙላ ዋን የ2022ን ደንብ ሲያስተዋውቅ ራሱ ያወጣው አኃዝ አለ። የ2021 መኪና ከፊተኛው በ20 ሜትር ርቀት ሲከተል ዳውንፎርሱን 35 በመቶ ያጣ ነበር። 10 ሜትር ሲደርስ 46 በመቶ። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም! በአዲሱ ደንብ ይህ ወደ 4 እና 18 በመቶ ይወርዳል ተባለ። መጀመሪያ ላይ ለውጡ በዓይን ይታይ ነበር። ከዚያ ቡድኖቹ በፊት ክንፍ ጠርዝና በወለል ጠርዝ አየሩን ወደ ጎን መወርወር ተማሩ። ለራሳቸው ጠቀማቸው፣ ለተከታዩ ግን ችግሩ ተመለሰ። እስከ 2025 ድረስ ሹፌሮቹ "መከተል እንደገና ከበደ" እያሉ ሲያማርሩ ነበር።

የመጨረሻው ጣጣ ጎማ ነው። ዳውንፎርስ ያጣ መኪና ይንሸራተታል። የሚንሸራተት ጎማ ይግላል። የጋለ ጎማ ይበልጥ ይንሸራተታል። ሁለት ሦስት ዙር ተጠግቶ የሞከረ ሹፌር ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ሸሸት ሲል የምታዩት ለዚህ ነው። ተስፋ ቆርጦ እንዳይመስላችሁ፤ ጎማውን እያቀዘቀዘ ነው።

---

የጎማ ሰው

እኔ በአንድ ቃል ያልኩትን በአምስት አንቀጽ ደገምከው 😄

---

ጋሽ ሞንዛ

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬ ስለገፋ ታገሡኝ። ጣሊያን፣ ሞንዛ 1971። ፒተር ጌቲን በ0.01 ሰከንድ አሸነፈ። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ድረስ ያለው ልዩነት 0.61 ሰከንድ ነበር። አምስት መኪና! ያኔ ሞንዛ ቺኬን አልነበረባትም። እግር ከነዳጅ እምብዛም ሳይነሳ ነው የሚዞረው፤ አንዱ ካንዱ ጥላ እየወጣ ይቀዳደማሉ። በዓመቱ ቺኬን ገባባት፤ ያ ዓይነት ውድድር እዚያው ቀረ። ክንፉን ቢቀንሱላችሁ ሁሉም ነገር ይስተካከላል።

---

ዮኒ ኢንዲ

ጋሼ፣ ክብር ይስጥልኝ፤ እርስዎ የሚናፍቁት ነገር ግን አልጠፋም። አሜሪካ መጥቷል። እኔ ያለሁት ኢንዲያናፖሊስ ነው። የ2013ቱ ኢንዲ 500 (የዚህ ከተማ ትልቁ የመኪና ውድድር) ላይ መሪነቱ 68 ጊዜ ተቀያይሯል፤ ሪከርድ ነው። ቶኒ ካናን አሸነፈ። ግን እዚያ የሚታየውን ጉድ ልንገርዎ፤ መምራት ቅጣት ነበር። ከፊት ያለው አየሩን ለሁሉም ይሰነጥቃል፣ ነዳጁን ይጨርሳል፣ ኋላ ያለው በነፃ ይመጣል። ስለዚህ ብዙው ሹፌር በመካከለኛዎቹ ዙሮች ሁለተኛ መሆንን ይመርጣል። እርስ በርስ ይተላለፋሉ እንጂ አይፎካከሩም። መጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ ነው ነፍስ የሚዘራው። 2023 ላይ ኒውጋርደን ኤሪክሰንን በመጨረሻው ዙር ነው ያለፈው። 2024 ላይ ደግሞ ፓቶ ኦዋርድን፣ ያም በመጨረሻው ዙር።

---

ጋሽ ሞንዛ

እሱማ እውነት ነው። ግን ታያለህ፤ ቢያንስ ዓይን አይደርቅም።

---

ሚኪ ሲም

ሁላችሁም ስለ አየር ስታወሩ አንድ ቀላል ሒሳብ ረሳችሁ። እኔ የኮምፒውተር ሹፌር ነኝ፤ ግን ሒሳቡ ለሁሉም ያው ነው።

አንድ ሰከንድ ማለት ስንት ሜትር ነው? በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 83 ሜትር። በ80 ኪሎ ሜትር 22 ሜትር። ስለዚህ ዝግ ያለ ኩርባ ላይ ሁለት መኪና ሲጣበቅ አይታችሁ "ደረሰበት!" ብላችሁ አትጩኹ። የሰከንዱ ልዩነት ያው ነው፤ የተሰበሰበው ሜትሩ ነው። የፊተኛው ቀድሞ ነዳጅ ሲሰጥ እንደገና ይዘረጋል። ቀጥታው መጨረሻ ላይ ተመልሶ 83 ሜትር ነው።

አሁን ፍሬኑን ጨምሩበት። ሞንዛ የመጀመሪያዋ ቺኬን ላይ ከ340 በላይ ከነበረ ፍጥነት ወደ 80 ገደማ ይወርዳሉ። ያንን ሁሉ ፍጥነት የሚጨርሱት ከ150 ሜትር ባነሰ ቦታ ነው። የቤት መኪና ቢሆን ያን ርቀት እጥፍ አድርጉት፣ ሦስት እጥፍ አድርጉት፣ አይበቃውም። ፍሬኑ እንዲህ ጠንካራ ስለሆነ "ዘግይቼ እይዛለሁ" ለሚል ሹፌር የቀረለት ቦታ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ፍሬን መያዣው ጋ ሲደርስ ቢያንስ አፍንጫውን ከጎኑ ማግኘት አለበት። ካልሆነ ሙከራው ግጭት ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚደርሰው? ከቀጥታው በፊት ባለው ኩርባ አወጣጥ። ከዚያ ኩርባ በ5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ ፈጥነህ ውጣ እንበል፣ ያ ልዩነትም ይቆይልህ። 10 ሰከንድ በሚፈጅ ቀጥታ ላይ ወደ 14 ሜትር ታተርፋለህ። ከሁለት መኪና ቁመት በላይ ነው! ለዚህ ነው ጎበዝ ሹፌር ኩርባው መግቢያ ላይ ሆን ብሎ ትንሽ ርቆ የሚገባው። ዘግይቶ ይታጠፋል፣ መኪናውን ቶሎ ቀጥ ያደርጋል፣ ቀድሞ ነዳጅ ይረግጣል። አላዋቂው ግን ከኋላ ክንፉ ጋር ተለጥፎ ይገባና እግሩን ለማንሳት ይገደዳል።

የአሎንሶም ችግር ይሄው ነበር። ሬኖው ቀጥታ ላይ ፈጣን ነበር፣ አሎንሶ ደግሞ ከዘገምተኛዎቹ ኩርባዎች ሲወጣ ሊጠጋው አልቻለም።

---

ናቲ ሰርኪት

ሚኪ፣ ይህቺ የ14 ሜትሯ ነገር ገብታኛለች። ለወዳጄ አሁኑኑ እልክለታለሁ። ግን ዲአርኤስ መጣ አይደል? ይህን ሁሉ አልፈታውም?

---

ኢንጂነር በየነ

ዲአርኤስ የገባው በማግሥቱ ዓመት፣ 2011 ላይ ነው። የአሎንሶ ያ ምሽት ክርክሩን እንዳጦዘው ጥርጥር የለውም፤ ደንቡ ግን ከዚያ በፊት ጸድቆ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። መለኪያው መስመር ላይ ከፊተኛው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሆንክ የኋላ ክንፍህን የላይኛውን ቅጠል መክፈት ይፈቀድልሃል። ክፍተቱ እስከ 85 ሚሊ ሜትር ድረስ ሄዷል። አየሩ በዚያ ያልፋል፣ የሚጎትትህ ይቀንሳል፣ ወደ 10 ወይም 12 ኪሎ ሜትር በሰዓት ታገኛለህ።

በእኔ ግምት ግማሽ መፍትሔ ነበር። አንደኛ፣ አንዳንድ ቦታ ከመጠን በላይ ሠራ። ፍሬን መያዣው ጋ ሳይደርሱ ቀጥታው መሃል ላይ ያልፉ ነበር፤ የፊተኛው እጁን አጣጥፎ ከማየት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ ሌላ ቦታ ጭራሽ አልሠራም። አምስት መኪና በአንድ ሰከንድ ልዩነት ከተደረደረ ከመጀመሪያው በስተቀር ሁሉም ክንፉን ይከፍታል። ሁሉም እኩል ከፈጠነ ማን ማንን ያልፋል? ባቡር ነው የሚሆነው።

ለ2026 የወጣው ደንብ ላይ ዲአርኤስ ቀርቷል። የፊትም የኋላም ክንፍ ቀጥታ ላይ ለሁሉም ይከፈታል፣ ኩርባ ላይ ይዘጋል። ለሚከተለው የተሰጠው ጥቅም ከክንፍ ወደ ባትሪ ዞሯል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያለ ሰው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ የኤሌክትሪክ ጉልበቱን ከፊተኛው ረዘም ላለ ጊዜ መጠቀም ይችላል። የፊተኛው ጉልበት ከ290 ኪሎ ሜትር በኋላ መቀነስ ሲጀምር የተከታዩ እስከ 337 ድረስ ሙሉውን 350 ኪሎ ዋት ይሰጠዋል።

---

ሳሮን ዘ ያስ

እኔ ዲአርኤስን በፍጹም አልወድም ነበር። ማለፍ መስሎ ማለፍ ያልሆነ ነገር። የጃፓኑን ሱዙካ 2005 ያየ ሰው ይህን እንዴት ይቀበላል? አሎንሶ ሹማከርን 130አር በሚባለው ፈጣን ኩርባ ላይ፣ በውጭ በኩል! ራይኮነን ደግሞ ከ17ኛ ተነስቶ ፊሲኬላን በመጨረሻው ዙር መጀመሪያ ላይ አልፎ አሸነፈ።

---

የጎማ ሰው

እሺ ሳሮን፣ ለምን ሱዙካ 2005 እንደዚያ ሆነ ግን? ኳሊፋይንግ (የመነሻ ቦታ የሚለይበት ዙር) ላይ ዝናብ ጣለ። ራይኮነን 17ኛ፣ አሎንሶ 16ኛ፣ ሹማከር 14ኛ ተነሱ። ፈጣኖቹ ሁሉ ኋላ ቀሩ። እሑድ ደረቅ ሲሆን ወደ ቦታቸው መመለስ ነበረባቸው።

ይህን ነገር ማንም አያነሳም፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው ይገርመኛል። ቅዳሜ መኪናዎቹን በፍጥነታቸው ቅደም ተከተል እንደረድራቸዋለን። ፈጣኑ ፊት፣ ቀርፋፋው ኋላ። ከዚያ እሑድ "ለምን አይተላለፉም?" ብለን እናለቅሳለን። ምን ሊያደርግ ነው የሚያልፈው? እሱን የሚያክለው ወይም የሚበልጠው ፊቱ ነው ያለው!

ስለዚህ ማለፍ እንዲኖር ቅደም ተከተሉ መበላሸት አለበት። ዝናብ ያበላሸዋል። ሴፍቲ ካር ያበላሸዋል። ቅጣት ያበላሸዋል። ከሁሉም ይልቅ ጎማ ያበላሸዋል። አንዱ በ20ኛው ዙር ቀይሮ፣ ሌላው በ32ኛው ቀይሮ ሲገናኙ የዙር ፍጥነታቸው የሰማይና የምድር ነው። የጎማ አምራቹ ፒሬሊ 2011 ላይ ሲገባ ቶሎ የሚያልቅ ጎማ እንዲሠራ የተጠየቀው ለዚህ ነው። ሰው ለዚያ ዓመት ድምቀት ዲአርኤስን ያመሰግናል፤ እኔ ጎማውን አመሰግናለሁ።

---

ሉዊስ44 ለዘላለም

መኪናን ትክክለኛው ቦታ ላይ ማስቀመጥም ችሎታ ነው እኮ። ቡዳፔስት 2021ን አስታውሱ። ሃሚልተን በአዲስ ጎማ እየበረረ መጣ። አሎንሶ (ናቲ ያለቀስክለት ያው አሎንሶ) አስር ዙር ገደማ ያዘው። ሃሚልተን በመጨረሻ አለፈ፣ ግን ጊዜው አልቆ ነበር፤ የአሎንሶ የቡድን ጓደኛ ኦኮን አሸነፈ። አዲስ ጎማ ነበረው፣ ፈጣን መኪና ነበረው። ግን ፊቱ ያለው ሰው መኪናውን የት እንደሚያቆም ያውቅ ነበር።

---

ሚኪ ሲም

ይቺ ጥሩ ምሳሌ ናት። ያንን ውድድር ደግሜ አይቼዋለሁ። አሎንሶ ሁለተኛው ኩርባ መግቢያ ላይ መሃሉን ይዞ ይቆያል። የውስጡንም የውጩንም ሙሉ ለሙሉ አይሰጥም። ከዚያ አወጣጡን ይጠብቃል። የሚከላከል ሰው ማወቅ ያለበት የቱ ኩርባ ላይ ቢሸነፍ ዋጋ እንደሚከፍል ነው፤ ሌላው ላይ ትንሽ ቢዘገይ ግድ የለውም።

---

ቤቲ አዲስ ገቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ገባኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሞናኮስ? እዚያ ለምን ጭራሽ አይተላለፉም?

---

ዮኒ ኢንዲ

ሞናኮ ሰልፍ ነው እንጂ ውድድር አይደለም። 2018 ላይ ሪካርዶ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ተበላሽቶ 160 የፈረስ ጉልበት ገደማ አጥቶ፣ ስምንት ማርሽ ካለው ሳጥን በስድስቱ ብቻ እየነዳ አሸነፈ። ቬትል ከኋላው ነበር። አላለፈውም! እስቲ የናቲ ወዳጅ "ሞተር ነው ሁሉም ነገር" ይበል አሁን።

---

ኢንጂነር በየነ

ሞናኮ ላይ ሁሉም ችግር ባንድ ቦታ ተገናኘ። አንድ ዙር 3.337 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቀጥታ የሚባለው አጭር ነው፣ እሱም ይታጠፋል። ፍሬን መያዣዎቹ ጠባብ ናቸው። እስከ 2025 ድረስ መኪናው ስፋቱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ5 ሜትር በላይ ነበር። መሃሉ ላይ አንዱ ከቆመ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው።

2025 ላይ ሁሉም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጎማ እንዲቀይር አስገደዱ። ሐሳቡ ቅደም ተከተሉን ማበላሸት ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሬሲንግ ቡልስና ዊልያምስ አንዱን ሹፌራቸውን ሆን ብለው አዘገሙት፤ ኋላ ያሉት ሁሉ ተደፈኑ፣ የቡድን ጓደኛው በተከፈተው ክፍተት ጎማ ቀይሮ ተመለሰ። ከኋላ የነበሩት ሰከንዶች ፈጣን ሆነው ሳለ መንቀሳቀስ አልቻሉም። የኔ ትንሽ ብስጭት ይህ ነው፤ ሞናኮን በደንብ ማስተካከል አይቻልም። መንገዱን ካላሰፉ ወይም መኪናውን በእውነት ካላሳነሱ ማለት ነው።

---

ሳሮን ዘ ያስ

የ2026ቱ መኪና ጠባብ ሆኗል አይደል?

---

ኢንጂነር በየነ

ከ2 ሜትር ወደ 1.9። ክብደቱም 30 ኪሎ ገደማ ቀንሷል፣ ወደ 768። ሌላ ቦታ ይጠቅማል። ሞናኮ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ምን ታመጣለች? ቅዳሜ ኳሊፋይንጉን እዩ፣ እሑድ ተኙ።

---

የጎማ ሰው

ካልዘነበ። 1996 ሞናኮ ዘንቦ ኦሊቪየ ፓኒስ ከ14ኛ ተነስቶ አሸነፈ። በፒት (ጎማ መቀየሪያው) ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ኤዲ ኧርቫይንን ሎውስ ሄርፒን ላይ ጎን ለጎን ገፋ አድርጎ አልፎታል። ዩቲዩብ ላይ ፈልጉት።